ለአባጣ ጎርባጣ መንገድ፣ ለጠባብ ኪስ፦ ያገለገለ ፎር ዊል እንዴት ይመረጥ?

ኑሮው ከአስፋልት የወጣ ሰው በአገራችን ብዙ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ከደባርቅ ጎብኚ ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሾፌር፣ በየቀበሌው የሚዞር የእንስሳት ሐኪም፣ በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቹን ጭኖ ወላጆቹ ዘንድ የሚወርድ አባወራ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ባለችኝ ገንዘብ የትኛውን ፎር ዊል ልግዛ? የሚያገኙት መልስም ብዙ ጊዜ አንድ ስም ነው፤ ቶዮታ። ቶዮታ በዚህ አገር ስሙን ያገኘው ሠርቶ ነውና መልሱን አላጣጥልም። ገንዘቡ ጠባብ የሆነ ገዢ ግን ምርጫውን ከስም ከጀመረ ለስሙ የሚከፍለው ገንዘብ ለሞተሩ፣ ለጎማውና ለሻንሲው የሚቀረውን ይበላበታል። የዚህ ዳሰሳ አቋም ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ መካኒኩና መለዋወጫው፣ ከዚያ የመኪናው ጤና፣ ስሙ በመጨረሻ።

ገበያው እንዴት እዚህ ደረሰ?

በብዙ አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል። እኛ ዘንድ ግን አሥር ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለዓመታት ያገለገሉ መኪኖች ከዱባይና ከአካባቢው ገበያ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገቡ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ሲጥል ያ በር ጠበበ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮ ተወደደ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ነዋሪ ጥሩ መልስ ሊሆን ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበትና ኃይል መሙያ በሌለበት ወረዳ ለሚሠራ ሰው ግን ገና አልደረሰለትም። ስለዚህ የገጠሩ ገዢ የሚመርጠው አገር ውስጥ ካሉትና ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት መኪኖች ነው። በዚህ ገበያ የተጎዳ መኪናም በውድ ይሸጣል። የአንድ ዓመት ሞዴል የሆኑ ሁለት መኪኖች በጤና የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ዓመት ይልቅ መኪናው በማን እጅ፣ በምን መንገድ እንደኖረ ይበልጥ ዋጋ አለው።

መንገዱን ማወቅ

"ከአስፋልት ውጪ" የሚባለው መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ኮረኮንቹ መንገድ የሚፈልገው ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ ጠንካራ ሞላና ባሌስትራ፣ በቂ ጎማ ነው። በበጋ ብቻ በእንዲህ ያለ መንገድ የሚሄድ ሰው ከነጭራሹ ፎር ዊል ላያስፈልገው ይችላል፤ ከፍ ያለ ባለ ሁለት ጎማ ጉልበት ፒካፕ ይበቃዋል። ለዚህ ሰው ላንድክሩዘር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ኮትቻና ዋልካ አፈር ባለበት፣ በክረምት የሚሠራ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ጎማን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ጥርሱ የተላጨ ጎማ ያለው ትልቅ ፎር ዊል በቆመበት ሲሽከረከር፣ ጥሩ የጭቃ ጎማ ያሰረ ቀላል መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል። ቀጥ ያለ ዳገት፣ ቋጥኝና ወንዝ ባለበት ደግሞ ቁም ነገሩ ዝቅተኛው ማርሽ ነው። ማስገቢያው ላይ ኤል ፊደልና 4 ቁጥር የተጻፈበት ይህ ማርሽ መኪናው በእግረኛ ፍጥነት በሙሉ ጉልበት እንዲወጣ፣ ሲወርድም ፍሬኑን ሳያግል በሞተሩ ተይዞ እንዲወርድ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። ጀርባው ላይ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መሆኑ የተጻፈበት መኪና ሁሉ ዝቅተኛ ማርሽ የለውም። አንዳንዱ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ይነዳል፤ ለዝናብና ለጠጠር መልካም ነው፣ ለቋጥኝ ግን አቅም ያንሰዋል። አብዛኛዎቹ የቆዩ የሥራ መኪኖች በሾፌሩ ትእዛዝ ብቻ የሚገባ ፎር ዊል ከዝቅተኛ ማርሽ ጋር አላቸው። እነዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ገብቶባቸው መነዳት የለባቸውም፤ በመዞሪያ ላይ የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል ስለማይጓዝ ውጥረቱ ካርዳኑንና ማርሾቹን ይጎዳል።

መኪኖቹ በየረድፋቸው

በዋጋ ዝቅ ከሚሉት ረድፍ ዳይሃትሱ ቴሪዮስና የቀደሙት ራቭ ፎሮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ቴሪዮስ በ1.3 ሊትር ቤንዚን ሞተር አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ይነዳል፤ መካከለኛው ዲፈረንሻል በቁልፍ ይታሰራል፣ ዝቅተኛ ማርሽ ግን የለውም። ጠባብ ስለሆነ በእርሻ መሀል ባለ መንገድ በቀላሉ ያልፋል፣ ነዳጅም አያባክንም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ራቭ ፎር ምቾቱ የተሻለ ነው። አካሉ ግን እንደ ከተማ መኪና በራሱ የቆመ እንጂ በሻንሲ ላይ የተጫነ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ኮረኮንች ሲመታው ይላላል። ከራቭ ፎሮች መካከል በፊት ጎማ ብቻ የሚነዱም ስላሉ ከመግዛት በፊት ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ካርዳን መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ለቤተሰብና ለበጋ ኮረኮንች ይሆናሉ፤ ለክረምት ጭቃና ለጭነት አይደሉም።

ቀጣዩ ረድፍ የሱዙኪ ነው። ገንዘቡ ለጠበበ ሰው ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው ይህ ረድፍ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ቪታራና እስከ 2005 የቀጠለው የመጀመሪያው ግራንድ ቪታራ ሻንሲ አላቸው፣ ዝቅተኛ ማርሽ አላቸው፣ ክብደታቸውም ቀላል ነው። ቀላልነት በጭቃ ላይ ትልቅ ሀብት ነው፤ መኪናው ቢቀረቀር እንኳ ጥቂት ሰዎች ገፍተው ያወጡታል። ከ2005 በኋላ የመጣው ግራንድ ቪታራ ሻንሲው ከአካሉ ጋር የተዋሐደ ሲሆን፣ ከሱም መካከል ዝቅተኛ ማርሽ ያላቸውና የሌላቸው ስላሉ ማስገቢያውን ማየት የግድ ነው። ጂምኒው ከሁሉም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2018 የተሠራው ትውልድ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ሻንሲና ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል ይዞ ትልልቆቹ የማይደፍሩትን ዳገት ይወጣል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው እጅግ ጥሩ ነው፤ ለአምስት ቤተሰብና ለሻንጣ ግን ቦታ የለውም። በሱዙኪዎች ላይ መሪው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ከተሰማ የፊት ኩሽኔታዎችና የመሪ ጫፎች መበላታቸውን መጠርጠር ይገባል።

ሦስተኛው ረድፍ የፒካፖች ነው፦ ሃይሉክስ፣ ኢሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና የኒሳን ፒካፖች። መኪናው ዳቦውን ራሱ ማምጣት ካለበት ምርጫው ከዚህ ነው። የቀድሞዎቹ ሃይሉክሶች በ2.8 ሊትሩ "3ኤል" ወይም በ3.0 ሊትሩ "5ኤል" ናፍጣ ሞተር ይነዳሉ። ተርቦ የላቸውም፣ ፈጣንም አይደሉም፤ ግን ወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ከፍቶ የሚገጥማቸው ሞተሮች ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጣው ቪጎ የሚባለው ሃይሉክስ ጉልበቱ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ኢንጀክተሮቹ ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ። በየመንደሩ ከጀሪካን የሚቀዳ ነዳጅ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የአራት ኢንጀክተር ወጪ የትንሽ ባለሀብትን የዓመት ትርፍ ሊበላ ይችላል። ሌሎቹ ፒካፖች ከሃይሉክስ በዋጋ ዝቅ ይላሉ። በሚኖሩበት ከተማ መለዋወጫቸውና የሚያውቃቸው መካኒክ ካለ ልዩነቱን ወደ ጎማና ጥገና ማዞር ጥበብ ነው።

በመጨረሻው ረድፍ ትልልቆቹ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር፣ ሕዝቡ ሀርድ ቶፕ የሚለውን ጨምሮ፣ በአምቡላንስነት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት አገሩን ሲያዳርስ ኖሯል። ባለ 4.2 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር "1ኤችዜድ" ናፍጣ ሞተሩ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ በዘይትና በውኃ ካልተበደለ ለረጅም ዘመን የሚቆይ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። በጠባብ ገንዘብ የሚገኘው ላንድክሩዘር ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት መሥሪያ ቤት ያዳከመው፣ ሻንሲው የተበየደ፣ ሞተሩ የደከመ ነው። ኒሳን ፓትሮል በጥንካሬ ከጎኑ ይቆማል፣ በዋጋም ዝቅ ይላል። ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር ያለው መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ባለ 3.0 ሊትሮች ግን በፒስተን መቃጠል ስለሚታወቁ በጥንቃቄ ይታዩ። ፕራዶና ፓጄሮ ለረጅም መንገድ ምቹ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ጥርጣሬው ቴስታታው ላይ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፕራዶ ላይ የተገጠመው ባለ 3.0 ሊትር ተርቦ ናፍጣ አንዴ ከጋለ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። አሮጌው ላንድሮቨር አካሉ አልሙኒየም ስለሆነ አይዝግም፣ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ይዝጋል። ክፍሉን የሚያገኝለትና ቋንቋውን የሚያውቅ መካኒክ ያለው ሰው ብቻ ይግዛው።

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?

ናፍጣ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አለው፣ ለጭነትና ለዳገት ይሆናል፣ ረጅም ርቀት ለሚነዳም በነዳጅ ይክሳል። ቤንዚን ሞተር በአንጻሩ ሲገዛም ሲጠገንም ይቀላል። በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ጤነኛ ቤንዚን መኪና ቢገዛ ከደከመ ናፍጣ እጅግ ይሻለዋል።

ከፍታውም በሂሳቡ መግባት አለበት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ሩብ የሚጠጋው ጉልበት የለም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የባሌው ሰነቲ አምባ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ከሦስት አንዱን ያልፋል። በትንሽ ሞተር ደጋ የሚወጣ ሰው ዝቅተኛ ማርሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአዳማ ሜዳ ተነድቶ ደህና የተባለ መኪናም ዳገት ሳይወጣ አይመረቅ።

ከማን ይገዛ?

በደላላ መግዛት ምርጫ ይሰጣል። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ መሆኑን ግን አይርሱ፤ የመኪናውን ጤና የሚነግርዎት የእርስዎ መካኒክ እንጂ እሱ አይደለም። በጨረታ የሚወጡ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት መኪኖች በአዲስ ዘመንና በሌሎች ጋዜጦች ይታወጃሉ። ከእነዚህ መካከል የጥገና መዝገብ ያላቸው ይገኛሉ፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን የሚሸጡት ባሉበት ሁኔታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማየት እንጂ መንዳት አይፈቀድም። ስለዚህ የጨረታ ዋጋ ሲያስገቡ ሞተሩ እንደሚከፈት አድርገው ያስሉ። ከሁሉ የሚሻለው ከመጀመሪያ ወይም ከሁለተኛ ባለቤት፣ መካኒኩን ከሚያሳይ ሰው መግዛት ነው።

ምርመራው

ምርመራው በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀመር። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ ሌላ ቀን ይመለሱ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ብዙ ጥቁር ጭስ ደግሞ የናፍጣ ፖምፓን ወይም የኢንጀክተርን ችግር ይጠቁማል። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ዘይት ቢያገኙ ቴስታታውን ይጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፒስተኑና ፋሻው ደክመዋል።

ቀጥሎ ከሥር ይግቡ። ለገጠር መኪና ከቀለም ይልቅ ሻንሲ ይበልጣል። የመሪው ሳጥን የታሰረበት ቦታና የባሌስትራ ማሰሪያዎች ስንጥቅ ወይም ብየዳ ካላቸው መኪናው ጭነት ወይም አደጋ አይቷል። በአፋር ጨው ላይ የሠራ መኪና ከላይ አምሮ ከታች ሊበላ ይችላል። ከጃፓን ቀኝ መሪ ሆነው ወጥተው መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችም አሉ። የዝናብ መጥረጊያው አቅጣጫ የተገላቢጦሽ መሆኑና የዳሽቦርዱ መጋጠሚያ አለመስተካከሉ ይህን ያሳብቃል። የመሪ ሥራ የሕይወት ጉዳይ ነውና እንዲህ ያለውን ባይገዙ ይመረጣል።

ከዚያ ፎር ዊሉን ይሞክሩ። ብዙ ገዢ ይህን ይዘለዋል፤ ከወራት በኋላ ጭቃ ላይ ሲቀር ነው ማስገቢያው እንደማይሠራ የሚያውቀው። በአፈር ሜዳ ላይ አስገብተው ቀስ ብለው ይንዱ፣ ዝቅተኛውንም ማርሽ ይሞክሩ። ማርሹ ተስፈንጥሮ ከወጣ፣ ከፊት ዲፈረንሻል ጩኸት ከተሰማ፣ ወይም የፊት ጎማዎቹ ጨርሶ ካልጎተቱ የሚገዙት በፎር ዊል ዋጋ ባለ ሁለት ጎማ ጉልበት መኪና ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑ፤ የተበላ የፍሬን ፔዳል፣ የላላ ወንበርና የተላጨ መሪ የበለጠ እውነት ይናገራሉ።

ሰነዱ

ጥሩ መኪና በመጥፎ ሰነድ ዕዳ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ቦሎው የታደሰ መሆኑ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩ በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይጣራ። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም፤ ይህ ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ኮድ 3 ሰሌዳ ያለው መኪና ለንግድ የተመዘገበ ስለሆነ የግብሩ ጉዳይ አስቀድሞ ይጠየቅ። በውክልና ብቻ መግዛት ደግሞ ርካሽና ፈጣን ቢመስልም አደገኛ ነው፤ ወካዩ ከሞተ ወይም ውክልናውን ከሻረ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈጸም፣ ስሙም ወዲያው ይዛወር።

ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈል?

ያለዎትን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናው አይስጡ። ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ያስቀሩ። በዚህ ገንዘብ የታይሚንግ ቀበቶ (ቀበቶ ያለው ሞተር ከሆነ)፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የሁለቱም ዲፈረንሻሎች ዘይት፣ ማጣሪያዎች፣ የፍሬን ሸራና አራት ደህና ጎማዎች ይቀየራሉ። የቀበቶው ታሪክ የማይታወቅ ከሆነ እንደ አዲስ ገዢ የመጀመሪያ ሥራዎ እሱን መቀየር ይሁን፤ በናፍጣ ሞተር ላይ ቀበቶ ሲበጠስ ቴስታታው አብሮ ይሄዳል። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደው የመለዋወጫ ዋጋ ይጠይቁ። የፍሪሲዮን፣ የራዲያተርና የፊት ኩሽኔታ ዋጋ ሦስቱን ብቻ ማወቅ ስለ መኪናው ቀጣይ ኑሮ ብዙ ይነግራል። መለዋወጫው አዲስ አበባ እንኳ የሚፈለግ ከሆነ ወረዳ ላይ ጨርሶ አይገኝም።

ፍርዱ

ለቤተሰብና ለበጋ ኮረኮንች ጤነኛ ቴሪዮስ ወይም ባለ አራት ጎማ ጉልበት ራቭ ፎር ይበቃል። ክረምትም በጋም ወደ ገጠር ለሚወጣና ጭነቱ ቀላል ለሆነ ሰው ሻንሲና ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ቪታራ በዚህ ገበያ ለገንዘቡ ከሁሉ የሚክስ ነው። ለሚጭን ሰው ተርቦ የሌለው አሮጌ ሃይሉክስ፣ ካልተገኘም መካኒኩ የሚያውቀው ሌላ ፒካፕ ይመረጥ። ላንድክሩዘርና ፓትሮል የሚገዙት ሥራው በእውነት ሲጠይቃቸውና ለጥገናም ገንዘብ ሲተርፍ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በቁጠባ፣ በዕቁብና በብድር የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ቀን ይሁንታ አይውጣ። የሚያምኑትን መካኒክ ከፍለው ይዘው ይሂዱ፣ ከሥር ይግቡ፣ ዳገት ይውጡ፣ ሰነዱን ያጣሩ። ከሰባት መኪና ስድስቱን እምቢ ብሎ የተመለሰ ገዢ ጊዜው አልባከነበትም። ሻጩ ይህን ሁሉ ምርመራ ካልፈቀደ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።